ሁለት ማደንዘዣ ለአንድ የእንባ ቱቦ

ሐኪሙ «ሙሉ ሰመመንና የቦታ ማደንዘዣ አንድ ላይ እንሰጣለን» ካለዎት በሽታው ከብዷል ማለት አይደለም።

ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃን ዓይኑ የሚያነባ ሰው ማየት ብርቅ አይደለም። የጠዋቱ ንፋስ ፊት ይገርፋል፤ የአንኮበር ጉምና ብርድም ቢሆን የዋዛ አይደለም። ስለዚህ «ብርዱ ነው»፣ «የምድጃው ጭስ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ነገር ግን ዓይንዎ ሞቅ ያለ ቤት ውስጥም ሳያቋርጥ የሚያነባ፣ ጠዋት ጠዋትም ዓይናር የሚይዘው ከሆነ ብርዱን ብቻ አይውቀሱ። የእንባ ቱቦው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። በአማራ ክልል በስፋት የሚታየው ትራኮማም ዓይን ስለሚያስነባ፣ መንስኤውን መለየት የባለሙያ ሥራ ነው።

እንባ የት ይሄዳል?

እንባ በዓይን ቆብ ጠርዝ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ወደ እንባ ከረጢት ይገባል፤ ከዚያም በቱቦ ወደ አፍንጫ ይወርዳል። ስናለቅስ አፍንጫችን የሚፈሰው ለዚህ ነው። አንዳንድ ሕፃናት የቱቦው ጫፍ በስስ ሽፋን እንደተዘጋ ይወለዳሉ። አብዛኞቹ ዓመት ሳይሞላቸው በራሱ ይከፈትላቸዋል፤ ሐኪም በሚያሳየው መንገድ ማሸትም ይረዳል። የጡት ወተት ዓይን ውስጥ ማንጠብ ግን ቱቦ አይከፍትም።

በአዋቂ ላይ የተዘጋ ቱቦ ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። ሐኪሙ በከረጢቱና በአፍንጫው መካከል ያለውን ስስ አጥንት ከፍቶ ለእንባው አዲስ መውረጃ ያበጃል። ጣሊያናዊው ሐኪም አዴኦ ቶቲ ይህን ሕክምና ያስተዋወቀው በ1904 እ.ኤ.አ. ነው። ችላ ከተባለ ግን ከረጢቱ ሊያመረቅዝና ሊያብጥ ይችላል።

ለምን ሁለቱም?

ብዙ ቤተሰብ ቀጠሮውን የሚያራዝመው ቢላዋውን ፈርቶ ሳይሆን «ተኝቶ ባይነቃስ?» ብሎ ነው። ፍርሃቱ የሚገባ ነው፤ የሁለቱን ሥራ ማወቅ ግን ያቀለዋል።

ሙሉ ሰመመን ታካሚውን ያስተኛል። በተለይ ልጅ ዝም ብሎ ስለማይተኛ ያስፈልገዋል። በጉሮሮ የሚገባው የመተንፈሻ ቱቦም ከአፍንጫ የሚወርደው ደም ወደ ሳንባ እንዳይገባ ይከላከላል።

የቦታ ማደንዘዣው፣ ለምሳሌ ሊዶካይን፣ ሕመሙን እዚያው ያስቀራል። አድሬናሊን ሲቀላቀልበት የደም ሥሮችን ያጠብባል፤ ደም ይቀንሳል፣ ሐኪሙም ጠባቧን ቦታ አጥርቶ ያያል። ሕመሙ ስለተገታ የሚሰጠው የሰመመን መድኃኒት መጠን ሊቀንስ ይችላል፤ ታካሚውም ሲነቃ ሕመሙ ይቀልለዋል።

ሁሉም ሰው ግን ሁለቱን አይፈልግም። አንዳንድ አዋቂዎች በቦታ ማደንዘዣና በሚያረጋጋ መድኃኒት ብቻ ይታከማሉ። ምርጫው በዕድሜ፣ በጤንነትና በቀዶ ሕክምናው ዓይነት ይወሰናል።

ከቀጠሮው በፊት

• ለሰመመን ባለሙያው ሁሉንም ይንገሩ፦ የደም ግፊት፣ የልብ ሕመም፣ አስም፣ አለርጂ፣ እንደ አስፕሪን ያሉ ደም የሚያቀጥኑ መድኃኒቶች። መድኃኒቱን በራስዎ ውሳኔ አያቁሙ።

• ልጅዎ ጉንፋን ከያዘው ወይም ካተኮሰው አይደብቁ። ቀጠሮ መለወጥ ይሻላል።

• ጾሙን ያክብሩ። በተለምዶ ለምግብ 6 ሰዓት፣ ለጡት ወተት 4፣ ለውኃ 2 ሰዓት ነው፤ ሆስፒታሉ የሚሰጥዎ መመሪያ ግን ይቀድማል። ከአንኮበር ሌሊት ተነስተው አዲስ አበባ ለሚገቡ ፈተናው መንገድ ላይ ነው። ሸኖ ላይ ለሚያለቅስ ልጅ «አንድ ብስኩት ምን አለበት?» ብሎ መስጠት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በሰመመን ውስጥ ምግብ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ከበላ እውነቱን ይናገሩ።

• በኋላም ሐኪሙ እስኪፈቅድ አፍንጫ በኃይል አይናፈጥ።

የዓይን ክፍል ባለው በአቅራቢያዎ ሆስፒታል ይጀምሩ፤ ካስፈለገ ሪፈር ይጻፍልዎታል። የዓይን ሐኪሞች ከሚሠለጥኑባቸው ተቋማት አንዱ አዲስ አበባ የሚገኘው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነው። እዚያም ሆነ ሌላ ቦታ፣ ከመፈረምዎ በፊት «የትኛውን ማደንዘዣ ትሰጣላችሁ? ለምን? ማን ይከታተለዋል?» ብለው ይጠይቁ። መጠየቅ ሐኪሙን መጠራጠር አይደለም፤ መብትዎ ነው።