መቋሚያ ለትሮምቦን

ማንበባችሁን ከመቀጠላችሁ በፊት እስቲ አንድ ነገር ሞክሩ። ውኃ የሞላ ባለ ሁለት ሊትር ሀይላንድ በግራ እጃችሁ ያዙ፤ ክርናችሁን አጠፍ አድርጋችሁ እስከ አገጫችሁ ድረስ አንሱት። የስልካችሁን ሰዓት መቁጠሪያ አስነሱ። የመጀመሪያው ደቂቃ ቀልድ ነው። ከዚያ ትከሻችሁ ማጉረምረም ይጀምራል፣ ቀጥሎ ክንዳችሁ ይንቀጠቀጣል። አሁን በዚሁ ሁኔታ ዜማ መንፋት እንዳለባችሁ አስቡት፤ ያውም ከባንዱ ጋር እኩል እየተራመዳችሁ።

አንድ ተራ ትሮምቦን ከአንድ ኪሎ ተኩል እስከ ሁለት ኪሎ ይመዝናል። እኔ የያዝኩት በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው፣ ገርጂ አካባቢ በነበረ የሰፈር ማርሽ ባንድ ውስጥ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስንለማመድ ከቦሌ የተነሳ አውሮፕላን በላያችን ካለፈ ምንም ስለማይሰማ እናቆማለን። ሌሎቹ ይናደዳሉ። እኔ ግን አውሮፕላኑን እወደው ነበር፤ ክንዴን የሚያሳርፍልኝ እሱ ብቻ ነዋ! አሠልጣኛችን «ጠንከር በል እንጂ» ይሉኛል። ክፋት አልነበራቸውም፤ እሳቸውም የተማሩት እንደዚያ ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ ተውኩት። ደካማ ስለሆንኩ ነበር የመሰለኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስታቲክስ ስማር ነው ነገሩ የስሌት ጉዳይ መሆኑ የገባኝ።

ስሌቱን አብረን እንሥራው። ትሮምቦኑ 1.8 ኪሎ ከሆነ ወደ ታች የሚስበው ኃይል 18 ኒውተን ገደማ ነው። የግራ እጃችሁ ከትከሻችሁ 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ወጥቷል እንበል። 18 በ0.3 ሲባዛ 5.4 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ይህ ክንዳችሁን ወደ ታች ለማዞር የሚታገለው ጉልበት ነው፤ መሐንዲሶች ሞመንት ይሉታል። ግን አንድ የረሳነው ነገር አለ፦ ክንዱ ራሱ። የሰው አንድ ክንድ ከነመዳፉ ከጠቅላላ ክብደቱ አምስት በመቶ አካባቢ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ክንዱ 3 ኪሎ ነው ማለት ነው፣ ከትሮምቦኑ ይበልጣል! የክንዱ የክብደት ማዕከል ከትከሻ 15 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ ሌላ 4.5 ይጨመራል። ድምሩ ወደ 10 ኒውተን ሜትር ይጠጋል።

አሁን ነው ጉዱ። ይህን ሁሉ የሚመክተው የትከሻ ጡንቻ የሚስበው ከመገጣጠሚያው መሃል ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ ነው። 10 ለ0.03 ሲካፈል 330 ኒውተን አካባቢ ይመጣል። ሠላሳ ሦስት ኪሎ እንደማንጠልጠል ማለት ነው፣ ሁለት ኪሎ ለማይሞላ መሣሪያ! የግምት ስሌት ነው፤ የክንዳችሁ ርዝመትና አያያዛችሁ ቁጥሩን ይቀያይረዋል። ትሮምቦን ደግሞ ሲነፉት ተንሸራታቹ ቱቦ ወደ ፊት እየተዘረጋ ስለሚሄድ ክብደቱም አብሮ ይርቃል።

ጡንቻ እየተኮማተረና እየተፍታታ ሲሠራ ደም በደንብ ይዘዋወርበታል። ሳይፍታታ ተወጥሮ ከቆየ ግን የራሱን የደም ሥሮች ይጨምቃል፤ ኦክስጅን እንደልቡ አይደርሰውም። ክንዱ ሲዝል መሣሪያው ያዘነብላል፣ አፍ ላይ የሚገጥመው መንፊያም ከንፈርን ይጫናል፣ ድምፁ ይበላሻል። አሠልጣኙ የሚሰሙት የተበላሸውን ድምፅ ነው። ትከሻው አይታያቸውም።

ታዲያ ምን ይሻላል? መልሱ ሁለት ዓይነት ነው፣ ሁለቱንም ከቤታችን እናውቃቸዋለን። አንዱ አንቀልባ ነው። እናት ልጇን በአንቀልባ ስታዝል ክብደቱን ወደ ገላዋ ታስጠጋለች፣ በሰፊው ጀርባዋ ላይም ታከፋፍለዋለች፤ እጇም ነጻ ይሆናል። ሁለተኛው መቋሚያ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት የሚቆሙ ሊቃውንት የሚደገፉት ያ ከላዩ አግዳሚ ያለው ዘንግ፣ የሰውነታቸውን ክብደት በከፊል ተቀብሎ በቀጥታ ለመሬት ያስረክባል። መሬት ደግሞ አይደክመውም።

ሱሳፎን የአንቀልባው ዘመድ ነው። በነፊው ሰውነት ዙሪያ ተጠምጥሞ ግራ ትከሻ ላይ የሚያርፈው፣ ትልቅ አፉ ከራስ በላይ የሚታየው መሣሪያ ማለቴ ነው። ስሙን ያገኘው ከአሜሪካዊው የማርሽ ባንድ መሪ ከጆን ፊሊፕ ሱሳ ነው፤ የተሠራውም እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ነው። ከናስ ከሆነ በቀላሉ ከአሥር ኪሎ ያልፋል። ቢሆንም ክብደቱ ወደ ሰውነት ስለተጠጋ ሞመንቱ ትንሽ ነው። የሱ ችግር ሌላ ነው፦ ቱቦው ትከሻ ላይ የሚያርፍበት ቦታ ጠባብ ነው። 120 ኒውተን በ40 ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ ቢያርፍ እያንዳንዷ ካሬ ሳንቲ ሜትር 3 ኒውተን ይደርሳታል። ወፈር ያለ ስፖንጅ ጨምራችሁ ስፋቱን ወደ 120 ብታሳድጉት 1 ብቻ። ሲሚንቶ የሚያወርዱ ሠራተኞች ጆንያ አጥፈው ትከሻቸው ላይ የሚያደርጉት ለዚሁ ነው።

አዲስ አበባ ከነዚህ መሣሪያዎች ጋር የቆየ ትውውቅ አላት። ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸው ወላጅ አልባ አርመናውያን፣ «አርባ ልጆች» የሚባሉት፣ በ1916 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ እዚህ ደርሰው በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የቤተ መንግሥቱ የማርሽ ባንድ ሆኑ። ስማቸው እንደሚለው ልጆች ነበሩ። ትሮምቦንና ቱባ ግን ያኔም አሁንም በአብዛኛው የሚሠሩት በአዋቂ ልክ ነው። ቱባ ተቀምጦ የሚነፋ ልጅ መንፊያው ጋ ለመድረስ ወይ አንገቱን ያንጠራራል ወይ ይጎብጣል፤ ከሥሩ ቁመቱ የሚስተካከል ማስቀመጫ ቢደረግለት ግን መሣሪያው ወደ ልጁ ይመጣል።

ለትሮምቦን ደግሞ መቋሚያው ይሻላል። ፊንላንድ ውስጥ ኤርጎብራስ በሚል ስም የሚሠራ መደገፊያ አለ፦ ከመሣሪያው ሥር የሚታሰር ቀጭን ዘንግ ነው፣ ውስጡ ሞላ አለው። ተቀምጠው ሲነፉ ወንበር ላይ ወይም ወለል ላይ ያርፋል፣ ቆመው ሲነፉ ደግሞ ወገብ ላይ ከታሰረ ማንገቻ ላይ። ሌላው መንገድ መሣሪያውን ማቅለል ነው፤ ፒቦን የሚባለው የፕላስቲክ ትሮምቦን 800 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ግን ስሌታችንን አስታውሱ፦ አንድ ኪሎ ብንቀንስ ሞመንቱ ከ10 ወደ 7 ይወርዳል እንጂ አይጠፋም፣ ምክንያቱም ክንዱ አሁንም 3 ኪሎ ነው።

ባለፈው ዓመት አሥራ አራት ዓመት የሆናት የጎረቤቴ ልጅ ትሮምቦን ጀመረችና ልክ እኔ የማማርረውን ማማረር ጀመረች። ከውጭ ማስመጣቱ አልታሰበም። ምናለሽ ተራ ሄጄ አንድ አሮጌ የአሉሚኒየም ክራንች ገዛሁ፤ ያ ቁልፉን እየተጫኑ በቀዳዳዎቹ ቁመቱን የሚያስተካክሉት ዓይነት። ባንዲራ ያዦች ወገባቸው ላይ የሚታጠቁትን ኪስ የመሰለ ነገር ከወፍራም ቆዳ አሰፋሁ፣ የዘንጉ ጫፍ እዚያ ውስጥ እንዲያርፍ።

የመጀመሪያው ሙከራ ሞላ አልነበረውም። ራሴ ታጥቄው ግቢ ውስጥ ስራመድ እያንዳንዱ እርምጃ ከወገቤ ተነስቶ በዘንጉ በኩል መጥቶ ጥርሴን መታኝ። ይህንን በቀልድ አትዩት፤ ሞላ የሌለው ዘንግ ይዞ መራመድ ከንፈርና ጥርስ ይጎዳል። ሁለተኛው ከሞተር ሳይክል የወጣ ሞላ ነበር፣ በጣም ደረቅ። ሦስተኛው የፍራሽ ሞላ ሆነ፤ ያ ሠራ። በየሳንቲ ሜትሩ 3 ኒውተን ገደማ ይገፋል፤ 9 ሳንቲ ሜትር ሲጨመቅ 27 ኒውተን ይይዛል። ትሮምቦኑን ይሸከማል፣ የሚተርፈው ደግሞ ክንዷን ትንሽ ደገፍ ያደርጋል። ሁለት ሳንቲ ሜትር ከፍ ዝቅ ብትል የሚለወጠው 6 ኒውተን ብቻ ስለሆነ መሣሪያው ከሷ ጋር ይንቀሳቀሳል።

ማሰሪያውን ወገብ ላይ ያደረግኩት ሆን ብዬ ነው። ደረት ላይ የሚጠብቅ ማንገቻ የጎድን አጥንት እንዳይሰፋ ያደርጋል። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የአየር ግፊቷ ከባሕር ጠረፍ ከተማ በሩብ ያህል ያነሰ ነው፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅንም እንደዚሁ። እዚህ ትንፋሽ የሚያጨናንቅ ማሰሪያ ማንንም አይጠቅምም። ጣታችሁን የሚያደነዝዝ ወይም ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ካለባችሁ ደግሞ የዘንግ ጉዳይ አይደለም፣ ሐኪም ጋ ሂዱ።

በፊት አራት ደቂቃ ሳይሞላ ክንዷ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁን ልምምዱን ሙሉ ትጨርሳለች፣ በከተራ ዕለትም ታቦቱን አጅበው እስኪገቡ ድረስ ነፍታለች። ተንሸራታቹ ቱቦ ሲመለስ አልፎ አልፎ ዘንጉን ይነካዋል፤ ወደ ጎን ጠመም ያለ ማሠሪያ እየበየድኩለት ነው። ልጅቷም እያደገች ነው። ባለፈው ቅዳሜ ክራንቹን አንድ ቀዳዳ ከፍ አደረግነው።