ቆሻሻችንን የሚያነሳው እጅ

ባለቤቴ ኢንሱሊን ከጀመረ ወዲህ ቤታችን በየቀኑ መርፌ ይጣላል። ዕድሜዬን በነርስነት ያሳለፍኩ ሴት ነኝ፤ ሥራ ላይ ሳለሁ ያገለገለ መርፌ ከቆሻሻ ጋር ሲጣል ካየሁ እቆጣ ነበር። በራሴ ቤት ግን በፌስታል ቋጥሬ ከሽንኩርት ልጣጭ ጋር እጥለው ነበር።

አንድ ጠዋት ቆሻሻ የምትሰበስበው ልጅ በር ላይ ቆማ «ሲስተር፣ መርፌ ወጋኝ» አለችኝ። ጓንቷ የጨርቅ ነው። ጣቷን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ አሳጥቤ ወደ ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ። ጆንያው ውስጥ የብዙ ቤት ቆሻሻ ስለነበር መርፌው የማን እንደሆነ አልታወቀም። ኤች.አይ.ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ልጅቷ ለ28 ቀናት ዋጠችው። በኋላ ተመርምራ ነፃ ሆነች። እኔ ግን እነዚያን ሳምንታት እንቅልፍ አልነበረኝም።

መጀመሪያ ያደረግኩት «ስለት ከቆሻሻ ጋር መቀላቀል ክልክል ነው» ብሎ በር ላይ መለጠፍ ነበር። ማንም ልብ አላለውም። አጥሩ ሁሉ «ክልክል ነው» በሚልበት ከተማ የእኔን ማን ያነባል?

በጤናው ሥራ ሶሻል ማርኬቲንግ የምንለው ነገር አለ። ነጋዴ ሳሙና የሚሸጥበትን ዘዴ መልካም ልማድን ለማስለመድ መጠቀም ማለት ነው። ነጋዴ ደንበኛውን አይቆጣም፤ ምን እንደሚፈልግና ምን እንደሚከብደው ይጠይቃል፣ ዕቃውን ቅርብ ያደርግለታል። ኮንዶም በአገራችን በየኪዮስኩ በርካሽ የተሸጠው በዚህ መንገድ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽንም ሞዴል ቤተሰቦችን ያወጣው ሰው ከጎረቤቱ ስለሚማር ነው።

ስለዚህ ቡና አፍልቼ ጎረቤቶቼን ጠራሁና «ለይቶ ለመጣል ምን ያስቸግራችኋል?» አልኳቸው። አንዷ «ኩሽናዬ ጠባብ ነው፣ ሁለት ማጠራቀሚያ የት ላስቀምጥ?» አለች። ሌላዋ «ብንለየውስ መልሰው ይቀላቅሉት የለ?» አለች። መልሱን የምታውቀው ሰብሳቢዋ ስለነበረች እሷንም ለቡና ጠራናት። ሃይላንዱንና ካርቶኑን ለይታ እንደምትሸጥ፣ የወጥ ትራፊ የነካውን ካርቶን ግን የሚገዛት እንደሌለ ነገረችን። ለይተን ብንሰጣት ለምን ትቀላቅለዋለች?

ከዚያ በኋላ ለደረቁ ነገር በየበራችን አንድ ጆንያ ሰቀልን። የማንም ኩሽና አልጠበበም፤ አላፊ አግዳሚውም ያየዋል። መጀመሪያ አራት ቤት ነበርን። የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እየቆጠረ «አያቴ፣ እነ እንትናም ሰቀሉ» ይለኝ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ያልሰቀለ አንድ ቤት ብቻ ቀረ።

ስለት ላለው ነገር ደግሞ እንዲህ አድርጉ። የተሰበረ ብርጭቆ በካርቶን ጠቅልላችሁ ለብቻው ስጡ፤ ምን እንደሆነም ንገሩ። መርፌ ክዳን ባለው ወፍራም የበረኪና ዕቃ ውስጥ ይግባ፣ «መርፌ» ተብሎም ይጻፍበት። ሃይላንድ ውስጥ አትክተቱ፤ ሃይላንድ ለሽያጭ ይለቀማል፣ ይከፈታል። ዕቃው ሦስት አራተኛው ሲሞላ ታሽጎ ወደሚቀበል ጤና ተቋም ይሂድ።

ቆሻሻ ከበራችን ሲወጣ የጠፋ ይመስለናል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ እንዳልጠፋ አይተናል። የጣልነው ሁሉ አንድ ሰው ዘንድ ይደርሳል።

ባለፈው ሳምንት ልጅቷ ጆንያውን ስታወርድ «ሲስተር፣ አሁን እጄን ሳልፈራ ነው የማስገባው» አለችኝ። ደስ አለኝ። «ቢሆንም ጓንትሽን አድርጊ፣ ልጄ» አልኳት።