ፑሉም እንደ ሜዳው ነው

ሜዳው ጎርበጥባጣ ከሆነ ምርጥ አማካይም ኳስ ያበላሻል። ፑልም ያው ነው! ጎንደር ቁስቋም፣ ከእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ግርጌ፣ ቤቱ የፑል ጠረጴዛ ያለው ሰው ሁለት ባላንጣ አለበት፤ የበጋ አቧራና የክረምት እርጥበት።

አቧራና የጠመኔ ብናኝ ጨርቁን ይበላዋል። ከጨዋታ በኋላ በለስላሳ ብሩሽ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይጥረጉት፤ ኳሶቹንም ይወልውሉ። እርጥበት ደግሞ እንጨቱን ያጣምማል፤ ስለዚህ ከሚያፈስ ጣሪያ ያርቁት፣ ይሸፍኑት። የመስኮት ፀሐይም ጨርቁን ያነጣዋል። ሥሩ የድንጋይ ንጣፍ ካለው እየጎተቱ አያንቀሳቅሱት፤ ውሃ ልኩ ይዛባል። ያኔ ኳሷ እርስዎ ወዳሰቡት ሳይሆን ወደ ዘመመበት ትሄዳለች፤ ተሸናፊውም ጠረጴዛውን ያማርራል፣ ጨዋታው በጭቅጭቅ ያልቃል።

በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሱት አፄዎቹ ጎል ሲያገቡ መጨፈር ይፈቀዳል። ጠርዙ ላይ ተቀምጦ ቢራ መደርደር ግን ቀይ ካርድ ነው!