ከአንጀት ቅንጣት የሚገኝ ማስረጃ፦ ኦርጋኖይዶች በሲስቲክ ፋይብሮሲስ ምርምር

የሰውን በሽታ ለማጥናት ለረጅም ጊዜ ሁለት ዋና ዋና መንገዶች ሲያገለግሉ ቆይተዋል፤ እነርሱም በጠፍጣፋ ሳሕን ላይ የሚያድጉ ህዋሳትና የቤተ ሙከራ እንስሳት ናቸው። በሳሕን ላይ የተዘረጋ ህዋስ በአካል ውስጥ ዙሪያውን ከሚከቡት ህዋሳት ስለሚለይ ቅርጹም ተግባሩም በከፊል ይለወጣል። እንስሳት በበኩላቸው ሙሉ አካል ቢኖራቸውም የሰው በሽታ ሁልጊዜ በተመሳሳይ መልክ አይገለጥባቸውም። ኦርጋኖይድ ይህን ክፍተት ለማጥበብ የሚያገለግል ዘዴ ነው።

ኦርጋኖይድ ከግንደ ህዋሳት ተነሥቶ በሦስት አቅጣጫ የሚያድግና የአንድን የአካል ክፍል አወቃቀርና ከፊል ተግባር የሚያሳይ ጥቃቅን የህዋሳት ስብስብ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ቶሺሮ ሳቶ፣ ሃንስ ክሌቨርስና ባልደረቦቻቸው በኔዘርላንድ ዩትሬክት ከተማ ባደረጉት ጥናት፣ ከአይጥ አንጀት የተወሰደ አንድ ግንደ ህዋስ ብቻውን የአንጀትን ውስጠኛ ገጽ የመሰለ ቅርጽ ሊሠራ እንደሚችል አሳዩ። ለዚህ ያስፈለገው ህዋሱን የሚደግፍ በፕሮቲን የበለጸገ ጄልና በአንጀት ውስጥ የሚያገኛቸውን መልእክቶች የሚተኩ የእድገት ንጥረ ነገሮች ናቸው። ቅርጹን የሚያወጣው ተመራማሪው ሳይሆን ህዋሱ ራሱ ነው።

የዘዴው ጥቅም ጎልቶ ከታየባቸው በሽታዎች አንዱ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ነው። በሽታው የሚመጣው ከሁለቱም ወላጆች በሚወረስ የሲኤፍቲአር ዘረመል ጉድለት ነው። ይህ ዘረመል ክሎራይድ ከህዋስ የሚወጣበትን መተላለፊያ ፕሮቲን ያስገኛል፤ መተላለፊያው ሲበላሽ ንፍጥ ይወፍራል፣ ሳምባም በተደጋጋሚ ይመረቅዛል። በዘረመሉ ላይ ከ2,000 የሚበልጡ ልዩነቶች ተመዝግበዋል። ብዙዎቹ በጥቂት ሰዎች ላይ ብቻ የሚገኙ በመሆናቸው ለእያንዳንዳቸው የተለመደውን ሰፊ የመድኃኒት ሙከራ ማካሄድ አይቻልም። ስለዚህ ብርቅ የዘረመል ለውጥ ያለበት ሕመምተኛ የሚጠቅመው መድኃኒት ቢኖር እንኳ ይህን የሚያረጋግጥለት ማስረጃ ያጣል።

በ2013 እ.ኤ.አ. የዩትሬክት ተመራማሪዎች ለዚህ ችግር ቀላል መለኪያ አቀረቡ። ከሕመምተኛው ፊንጢጣ ጥቂት ህብረ ህዋስ ተወስዶ ኦርጋኖይድ ይበቅልበታል፤ ቀጥሎ ፎርስኮሊን የተባለ ንጥረ ነገር ይጨመርበታል። ፎርስኮሊን የሲኤፍቲአርን መተላለፊያ ስለሚያነቃቃ በጤናማ ኦርጋኖይድ ውስጥ ፈሳሽ ይሞላና ኦርጋኖይዱ ያብጣል። የሕመምተኛው ግን ጥቂት ያብጣል ወይም ከነጭራሹ አያብጥም። መድኃኒት ሲጨመርበት እብጠቱ ከተመለሰ፣ መድኃኒቱ በዚያ ሰው ህዋሳት ላይ እንደሚሠራ ምልክት ይሆናል። ኋላ የተደረጉ ጥናቶችም የእብጠቱ መጠን ሕመምተኞች ከሕክምናው ከሚያገኙት ጥቅም ጋር ዝምድና እንዳለው አመልክተዋል።

ይሁን እንጂ ኦርጋኖይድ ሙሉ አካል አይደለም። በተለመደው አሠራር የደም ሥር፣ ነርቭና የበሽታ መከላከያ ህዋሳት የሉትም። ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ጄል ከአይጥ ዕጢ የሚገኝ በመሆኑ ይዘቱ ከምርት ምርት ይለያያል፤ ይህም የተለያዩ ቤተ ሙከራዎችን ውጤት ለማነጻጸር ያስቸግራል። ከዚህም በላይ የአንጀት ህዋስ የሚሰጠው መልስ መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚሰራጭ ወይም ሳምባ ላይ የደረሰው ጉዳት ምን ያህል እንደሚሻሻል አይናገርም።

ስለዚህ ኦርጋኖይድ በሰው ላይ የሚደረገውን ሙከራ የሚተካ ሳይሆን የሚመራ መሣሪያ ነው። ዋና ፋይዳው ጥያቄውን መለወጡ ላይ ነው፤ መድኃኒቱ ብዙኃኑን ይጠቅማል ወይ ከሚለው ጎን፣ ይህን አንድ ሰው ይጠቅማል ወይ ብሎ ለመጠየቅ አስችሏል።