ያረረ ድስት አይፋቅም፣ ይነከራል

ባለፈው ክረምት ልጄንና የልጅ ልጆቼን ልጠይቅ ወደ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ሄጄ ነበር። እዚህ ዝናብ ሲሆን እዚያ በጋ ነው። ሙቀቱ ከወበቁ ጋር ሆኖ ልብስ ገላ ላይ ያጣብቃል።

በደረስኩ በሦስተኛው ቀን ልጄ «እማዬ፣ ነይ በመኪናዬ ዞር ዞር ላድርግሽ» አለኝ። የቤቱን ጋራዥ ሲከፍት ያየኋት መኪና በፊልም የምናያቸውን ትመስላለች፤ ቀይ፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ። ጎንበስ ብዬ ገባሁና በሩን ልዘጋ እጀታውን ስይዝ እጄ ተለጠፈ። ሳላቅቀው ጣቶቼ ጥቁር ሆነዋል። ነጠላዬም በሩን ነክቶ ኖሮ ጫፉ እንደ ጥላሸት ጠቁሯል።

«ምን ዓይነት ቆሻሻ ነው?» አልኩት።

አቀርቅሮ «ቆሻሻ አይደለም እማዬ። ስንቴ አጠብኩት መሰለሽ! ባጠብኩት ቁጥር ይብስበታል» አለኝ።

ልጄ አሜሪካ እንደገባ ሥራ የጀመረው እንደ ብዙ የአገሩ ልጆች ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ መኪና ማቆሚያ ነበር። ለዓመታት የሰው መኪና ተቀብሎ ሲያቆም፣ ሲያወጣ ኖሯል። አንድ ቀን ከእነዚያ አንዷ የራሴ ትሆናለች ይል ነበር። ልጆቹን አሳድጎ፣ የቤት ዕዳውን አቅልሎ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገለች ስፖርት መኪና በቅናሽ አገኘ። የቅናሹ ምክንያት ሞተሯ አልነበረም። ውስጧ ስለሚለጠፍ ሰው ሸሽቷት ነው።

ቤቱ ውስጥ ሌላም ነገር እንዳለ የገባኝ ማዕድ ላይ ነው። የአሥራ አራት ዓመቱ የልጅ ልጄና አባቱ አይነጋገሩም። «ጨው አቀብለኝ በለው» እየተባባሉ በእናቱ በኩል ይላላካሉ። ስጠይቅ ነገሩ ከዚያችው መኪና የመጣ ነው። ልጁ ለአባቶች ቀን አባቱን ላስደንቅ ብሎ፣ ከእህቱ ዕቃ ላይ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን አንስቶ በሬዲዮው ዙሪያ ያለውን ክፈፍ ፈተገው። የሚለጠፈው ነገር ለቀቀ። ፕላስቲኩም አብሮ ሟሟ፤ ነጣ፣ ተጨማደደ። አባቱ ተናደደና «ሁለተኛ ጋራዥ ውስጥ እንዳትገባ!» አለው። ይህ ከሆነ ከሁለት ሳምንት በላይ አልፎታል።

እኔ ኬሚስትሪ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። መኪና አልነዳም። ያ የሚለጠፍ ነገር ግን የእኔ ትምህርት እንደሆነ አወቅሁ።

እድፍ ሳይሆን ቀለሙ ራሱ ነው

የመኪናዋ የበር እጀታዎች፣ የክሩስኮቶው ክፈፎች፣ የአየር ማስወጫዎቹና መጫኛዎቹ ከደረቅ ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው። ደረቁ ፕላስቲክ ሲነኩት ለስለስ እንዲል፣ ፀሐይ ሲያርፍበትም እንዳያብረቀርቅ ተብሎ ጎማ መሰል ስስ ቀለም ይነፋበታል። ይህ ቀለም በአብዛኛው የሚሠራው ፖሊዩሬቴን ከሚባለው ቁስ ነው። ፖሊዩሬቴንን ጀርመናዊው ኬሚስት ኦቶ ባየርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1937 ያስገኙት ሲሆን፣ ዛሬ ፍራሻችንም የጫማችን ሶልም ውስጥ አለ።

በክር እንደተሰካ ረጅም ዶቃ አድርጋችሁ አስቡት። ክሩ እስካልተበጠሰ ድረስ ቁሱ ጠንካራ ነው፤ ሲስቡት ይሳባል፣ ሲለቁት ይመለሳል። በአንዳንዱ የፖሊዩሬቴን ዓይነት ግን አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ክሩን ቀስ በቀስ ይበጥሰዋል። በኬሚስትሪ ይህን ሃይድሮሊሲስ እንለዋለን፤ በውኃ መፈታት ማለት ነው። ሙቀት ያፋጥነዋል። የእጅ ወዝ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባትና ሳኒታይዘር ያባብሱታል። ክሩ ሲበጣጠስ ጠጣር የነበረው ቀለም ወደ ሙጫነት ይለወጣል።

ለሠርግ ብላችሁ ከካርቶኑ ሳታወጡ ዓመታት ያስቀመጣችሁት ጫማ፣ ባደረጋችሁት ቀን ሶሉ እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈርፍሮባችሁ ያውቃል? ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው። ጫማው ሳይለበስም ያረጃል።

ነገሩ የአንድ ፋብሪካ ወይም የልጄ መኪና ጣጣ ብቻ አይደለም። በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ብዙ ስፖርት መኪኖች ይህን ቀለም ለብሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ፌራሪ 355 እና በ1999 የወጣው ፌራሪ 360 ሞዴና ባለቤቶች ችግሩን በደንብ ያውቁታል። እንዲህ ያለ መኪና ደግሞ በየቀኑ አይነዳም። ተዘግቶ፣ ተሸፍኖ ይከርማል፤ ሙቀቱና እርጥበቱ ውስጡ ታፍኖ ሥራውን ይሠራል።

ልጄ እድፍ መስሎት በሳሙና ሲያሽ የከረመው የሚታጠብ እድፍ ስለሌለ ነው ያልተሳካለት። ቀለሙ ሞቷል፤ ተመልሶ አይድንም። ዱቄት ቢነሰንሱበት ለጥቂት ቀን ይደርቅና እንደገና ይለጠፋል። ያለው መፍትሔ የሞተውን ቀለም ማንሳት ነው። ከሥሩ ያለው ፕላስቲክ ግን ጤነኛ ነው።

ጥፋቱ የጠርሙሱ ነው

ከሥር ያለው ደረቅ ፕላስቲክ ብዙውን ጊዜ ኤቢኤስ የሚባለው ነው። ልጆች የሚገጣጥሙት ሌጎም ከ1963 ጀምሮ የሚሠራው በዚሁ ነው። አሴቶን ኤቢኤስን ያሟሟል። ቲነርና ቤንዚንም ይጎዱታል። አይሶፕሮፒል አልኮል ግን የሞተውን ቀለም አለስልሶ ያነሳል፤ ለአጭር ጊዜ ቢነካው ኤቢኤሱን አያሟሟውም። እዚያ አገር ፋርማሲ ውስጥ ባለ 70 እና ባለ 91 ፐርሰንት ሆኖ ይሸጣል።

የልጅ ልጄን ለብቻው አስቀምጬ ይህንን በሌጎ ነገርኩት። «ሐሳብህ ልክ ነበር። የተሳሳተው ጠርሙሱ ነው» አልኩት። በተሰባበረ አማርኛው «እማማ፣ ለአባዬ ንገሪው» አለኝ። «አንተው ትነግረዋለህ» አልኩት።

ለልጄ ደግሞ ሌላ ነገር አልኩት። አንዱን የአየር ማስወጫ በጥፍሩ ሲፍቅ አገኘሁትና «ያረረ ድስት ስፍቅ አይተኸኝ ታውቃለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀ። ያረረ ድስት ውኃ ተደርጎበት ያድራል፤ ጠዋት በራሱ ይለቃል። የሚፍቅ ሰው ድስቱን ይጭረዋል። «ቅዳሜ አብረን እንነክረዋለን። ግን ብሎን የሚቆጥርልኝ ሰው ያስፈልገኛል፤ ዓይኔ ደክሟል» አልኩት። ማንን እንደፈለግሁ ገብቶታል። ዝም አለ፤ እምቢ ግን አላለም።

የቅዳሜው ሥራ

መጀመሪያ ያደረግነው ከጋራዡ መውጣት ነው። ጥግ ላይ በጋዝ የሚሠራ የውኃ ማሞቂያ አለ፤ ከሥሩ ትንሽ እሳት ሁልጊዜ ይነዳል። አይሶፕሮፒል አልኮል ከ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ጀምሮ እሳት የሚይዝ ተን ይሰጣል። ተኑ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ስለዚህ ጠረጴዛውን ግቢ ውስጥ፣ ጥላ ሥር ዘረጋን። ሁላችንም ጓንት አደረግን።

ልጄ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፈታና ከቆየ በኋላ ካቻቢቴውን አነሳ። መሪውንና ኤርባግ ያለበትን ቦታ አልነካም፤ ያ የባለሙያ ሥራ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ከመፈታቱ በፊት የልጅ ልጄ በስልኩ ፎቶ ያነሳል። ብሎኖቹን በእንቁላል ካርቶን ጉድጓዶች ውስጥ ለየብቻ ያስቀምጥና ከጎናቸው ቁጥር ይጽፋል። አንዴ ተቻኩሎ ካርቶኑን ሊገለብጠው ሲል አባቱ ከሥሩ ያዘለት። «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» አልኩ። ልጁ ትርጉሙን ጠየቀ። የመለሰለት አባቱ ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ ሳይነጋገሩ ከርመው የመጀመሪያው ቀጥተኛ ንግግራቸው ይህ ነበር።

ዘዴው እንዲህ ነው። መጀመሪያ በማይታይ የጀርባ ጠርዝ ላይ ትንሽ አልኮል ነክተን ጠበቅን፤ ፕላስቲኩ አልነጣም፣ አልለሰለሰም። ከዚያ ለስላሳ ጨርቅ በአልኮል አርሰን ክፍሉን ጠቀለልነው። ቶሎ እንዳይተን በላዩ ላይ ፌስታል አለበስነውና ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ተውነው። ሲገለጥ ቀለሙ ጨማልቋል። በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ወደ አንድ አቅጣጫ ስንጠርገው ተነሳ። ጥጋጥጉን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ጠፍጣፋውን ጊዜው ባለፈበት የባንክ ካርድ ጠርዝ ጠረግን። ጨርቁ ሲጠቁር ቶሎ መቀየር ያስፈልጋል፤ አለዚያ ያነሱትን መልሶ መቀባት ይሆናል። አንዱ ክፍል ሦስት ጊዜ መነከር ፈልጓል። በመጨረሻ ሽቦ የሌላቸውን ክፍሎች ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ሳሙና አጥበን ጥላ ውስጥ አደረቅን። ከሥሩ የወጣው ጥቁር፣ ጠንካራ፣ ንጹሕ ፕላስቲክ ነው።

ሦስት ቦታ ላይ ተጠንቅቀናል። አንደኛ፣ ምልክት ያለባቸው መጫኛዎች። የመስኮቱ ወይም የመብራቱ ሥዕል ብዙ ጊዜ ያለው ቀለሙ ላይ ስለሆነ ቀለሙ ሲነሳ ሥዕሉም ይጠፋል። እነዚህን ለይተን ምልክቱን መልሶ ለሚቀርጽ ባለሙያ ተውን። ሁለተኛ፣ የቆዳ ወንበሩ። አልኮል የቆዳን ቀለም ያነሳል። ሦስተኛ፣ የፍጥነት መቁጠሪያው ፊት ያለው ብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ። አልኮል ሊሰነጣጥቀው ስለሚችል ወደዚያ አልቀረብንም።

አንዳንዱን ክፍል እንዲሁ ራቁቱን መልሰን ገጠምነው፤ ያምራል። ጭረት የነበረበትን ልጄ መጀመሪያ ለፕላስቲክ የሚሆን የሥር ቀለም፣ ቀጥሎ የማያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም በስሱ፣ ደጋግሞ ነፋበት። ለመንፋት የአፍና የአፍንጫ መከላከያ አድርጓል። አንድ ወፍራም ቀለም ከመንፋት ሦስት ስስ ይሻላል፤ ወፍራሙ ይንጠባጠባል።

እቤታችንስ?

ስፖርት መኪና የለኝም ብላችሁ ገጹን አትለፉት። ይህ ቀለም ያለበት ዕቃ በየቤታችን አለ። የጃንጥላ እጀታ፣ የቴሌቪዥን ሪሞት፣ የካሜራ መያዣ፣ የፀጉር ማድረቂያ፣ ከውጭ የመጣ ዘመድ ያመጣው የእጅ ባትሪ። ከሳጥን ሲወጣ እጅ ላይ የሚለጠፍ ዕቃ ካላችሁ ቶሎ አትጣሉት። ባትሪውን አውጡለት፣ የኤሌክትሪክ ከሆነም ከሶኬቱ ንቀሉት። በማይታይ ቦታ ሞክሩና ከፋርማሲ በምትገዙት ባለ 70 ፐርሰንት አልኮል በራሰ ጨርቅ፣ ወደ ውስጥ እንዳይፈስ እየተጠነቀቃችሁ ጥረጉት። ቀስ ይላል እንጂ ይለቃል።

ልጆች ካሉ ግን ሁለት ነገር አደራ። ሥራው ከምድጃና ከከሰል የራቀ፣ አየር ያለበት ቦታ ይሁን። የተረፈውን አልኮል ደግሞ በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድታችሁ አታስቀምጡ። ውኃ ይመስላል፤ ሕፃን ይጠጣዋል። በራሱ ጠርሙስ፣ ተከድኖ፣ ከፍ ብሎ ይቀመጥ።

የቀረው የሬዲዮው ክፈፍ ነበር፤ ልጁ በአሴቶን ያሟሟው። አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው በሻካራ ወረቀት እያረጠቡ አለሰለሱት፣ ቀለምም ቀቡት። ልጁ ጠርሙሱን ለምን እንዳነሳ ለአባቱ የነገረው ያኔ ነው። እኔ ራቅ ብዬ ጨርቅ እሰበስብ ነበር። ፀሐይ በጎን ስትመታው የአውራ ጣት የምታህል ሞገድ አሁንም ትታያለች። ልጄ በጣቱ ዳበሳት። አዲስ ክፈፍ ፈልጎ መግዛት ይችል ነበር። «ይቺ ትቅር» አለና ብሎኖቹን እንዲያስር ካቻቢቴውን ለልጁ ሰጠው።

ልመለስ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ልጄ ያቺን የተቋረጠች ሽርሽር አስታውሶ «እማዬ፣ አሁን ነጠላሽን ለብሰሽ ግቢ» አለኝ። መኪናዋ የምትይዘው ሁለት ሰው ነው። የልጅ ልጄ በሩ አጠገብ ቆሟል። «እኔ ቡና አፈላለሁ፤ እናንተ ሂዱ» አልኳቸው።