ጤና መድን እንደ ገዢ፦ ከአሶሳ አንጻር

ጤና መድን በብዙዎች ዘንድ የሚታወቀው መዋጮ በመሰብሰቡ ቢሆንም፣ ዋና ሥራው በተሰበሰበው ገንዘብ ለአባላቱ ሕክምና መግዛት ነው። ግዥ ሲባልም ምን ዓይነት አገልግሎት፣ ከየትኛው ተቋም፣ በምን ዋጋና በምን የአከፋፈል ስልት እንደሚገዛ አስቀድሞ መወሰን ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዓመታዊ ሪፖርት፣ የቀረበን ሂሳብ ዝም ብሎ ከመክፈል ወጥቶ በመረጃና በውል ላይ ወደተመሠረተ ግዥ፣ ማለትም ወደ ስትራቴጂያዊ ግዥ መሸጋገር እንደሚገባ አመልክቷል።

በኢትዮጵያ ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በቀድሞው ደቡብ ክልል በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ከእነዚህ መካከል አልነበረም፤ የተቀላቀለው ዘግይቶ ነው። በሥርዓቱ መሠረት አርሶ አደሩና መደበኛ ደመወዝ የሌለው ነዋሪ በቤተሰብ ተመዝግቦ በየዓመቱ ያዋጣል፣ መክፈል ለማይችሉት መንግሥት ይሸፍናል፣ መድኑ ውል የገባላቸው ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎችም አባላቱን ካከሙ በኋላ ሂሳቡን አቅርበው ይከፈላቸዋል። ይህ በየአገልግሎቱ የመክፈል ስልት ተቋሙ ብዙ በሠራ ቁጥር ብዙ እንዲያገኝ ስለሚያደርግ፣ የሂሳብና የሕክምና ኦዲት ካልታከለበት አላስፈላጊ ምርመራንና መድኃኒትን ሊያበረታታ ይችላል። በአንጻሩ ታይላንድ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተመላላሽ ሕክምና እንዳደረገችው በተመዘገበ ሰው ቁጥር ቋሚ ክፍያ መስጠት ወጪን ይገታል፤ ይሁን እንጂ ተቋሙ አገልግሎቱን እንዲቆጥብ ሊገፋፋው ይችላል።

ከስልቱ ምርጫ ይልቅ ግን በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ዋና ከተማ በአሶሳና በአካባቢዋ ከባድ የሚሆነው የአቅራቢ እጥረት ነው። ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ በምትርቀው ከተማና በሱዳን ድንበር እስካለችው ኩርሙክ ድረስ ባሉት ወረዳዎች ሪፈር የተጻፈለት ሕመምተኛ የሚያማርጣቸው ብዙ ሆስፒታሎች ስለሌሉ፣ መድኑ «ካላሻሻላችሁ ከሌላ እገዛለሁ» ሊል አይችልም። ስለዚህ የመግዛት ኃይሉ ከውሉ ጥራት መምጣት አለበት። የመድኃኒት አቅርቦት በውሉ በግልጽ ካልተቀመጠና ክፍያው ከእሱ ጋር ካልተያያዘ፣ መዋጮውን የከፈለው አርሶ አደር ማዘዣ ይዞ ወደ ግል ፋርማሲ እየተላከ ለአንድ ሕመም ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ ይህም ከድህነት ሊጠብቀው የተቋቋመውን ሥርዓት ትርጉም ያሳጣል። ጥቂት አባላት ያሉት የወረዳ የመዋጮ ቋትም ጥቂት ከባድ ሕመሞች ሊያናጉት ስለሚችሉ፣ ቋቶቹ በክልል ደረጃ ቢዋሃዱ ኪሳራን ለመቋቋምም ለመደራደርም የተሻለ አቅም ይኖራቸዋል።

አባላትም መታወቂያቸውን ሲያሳድሱ መድኑ ከጤና ተቋማቱ ጋር የገባው ውል ስለ መድኃኒት ምን እንደሚል ይጠይቁ፤ የሚገዛበት ገንዘብ የእነሱ ነው።