ስላገለገለ የመኪና ማንሻ

በግቢው አሮጌ ቮልስዋገን ወይም ቶዮታ ያለው ቤተ ሰብ ልጅ ሁሉ፥ መኪናውን በክሪክ አንሥቶ ከሥሩ መጋደምን ያውቀዋል። እንዲህ ያለ ሰው፥ ሥራ ያቆመ ጋራዥ ማንሻውን በርካሽ ሊሸጥ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ ልቡ መነሣሣቱ አይቀርም። ነገር ግን ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ጥቂት ነገር ሊረዳ ይገባዋል፤ ይህ ዕቃ የሚከዳው ሰው ከሥሩ ቆሞ ሳለ ነውና።

በሃይድሮሊክ ኀይል የሚሠራው የመኪና ማንሻ በአሜሪካ፥ በሜምፊስ ከተማ፥ በ1925 እ.ኤ.አ. ገደማ ተጀመረ። የፈለሰፈው ፒተር ሉናቲ የተባለ ሰው ሲሆን፥ አሳቡን ያገኘው ከጠጉር አስተካካይ ወንበር ነው ይባላል። ዛሬ በጋራዦች የሚበዛው ባለ ሁለት ዓምድ ነው። ሞተሩ ዘይት ይገፋል፤ ዘይቱ ፒስተኑን፥ ፒስተኑም መኪናውን የያዙትን ክንዶች ወደ ላይ ያስኬዳል። በፑሌጃ ላይ የሚያልፍ የብረት ገመድ ደግሞ የሁለቱን ዓምዶች ክንዶች እኩል ያደርጋቸዋል።

ገዢ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ነው። በእኔ አስተያየት ግን አስቀድሞ የሚጠየቀው መሬቱ ነው። ምክንያቱን በሒሳብ እንመልከተው። መኪናው 1,200 ኪሎ ቢመዝንና እኩል ቢከፈል፥ በእያንዳንዱ ዓምድ ላይ 600 ኪሎ ያርፋል። ይህ ሸክም ግን በዓምዱ ላይ ቀጥ ብሎ አይቀመጥም፤ በክንዱ ጫፍ ላይ ነው። ሸክሙ ከዓምዱ ወለል ብረት የፊት ጠርዝ 70 ሳንቲሜትር ቢርቅ፥ የኋላ ቡሎኖቹም ከዚያው ጠርዝ 40 ሳንቲሜትር ቢርቁ፥ ቡሎኖቹን ወደ ላይ የሚነቅላቸው ኀይል 1,050 ኪሎ ይሆናል፤ የዓምዱን የራሱን ክብደት ሳንቆጥር። እንግዲህ ዓምዱን ከመውደቅ የሚያድነው ኮንክሪቱ ብቻ ነው። ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ቢያንስ 10 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ ኮንክሪት ይጠይቃሉ። የቤታችን ሊሾ ቢያምርም ከሥሩ ያለውን አይናገርም፤ በድንጋይ ላይ የፈሰሰ ስስ ሲሚንቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ ቀዳዳ በስቶ ውፍረቱን መለካት ነው። ካልበቃ ቆፍሮ መሠረት ማፍሰስና 28 ቀን ያህል እስኪጠነክር መታገሥ ያሻል። ሻጩ ከመሬት የነቀላቸውን አሮጌ ቡሎኖች «ጨምሬ እሰጥሃለሁ» ቢል አመስግኖ መተው ነው፤ ቡሎን በአዲስ ይገዛል።

ዕቃው ሳይነቀል፥ መኪና ተሸክሞ ሲሠራ ማየት ይሻላል። ተፈታትቶ በሸራ የተሸፈነ ማንሻ ብረት እንጂ ማንሻ መሆኑን ማን ያውቃል? ሲወጣ የሁለቱም ዓምዶች መቆለፊያ ቀጭ ቀጭ ማለቱን አድምጡ፤ የአንዱ ድምፅ ብቻ ከተሰማ ሌላው አይዝም ማለት ይሆናል። በገመዱ ላይ ጨርቅ ጎትቱበት፤ ጨርቁን የሚይዝ ነገር ካለ የተበጠሰ ሽቦ አለ፤ ገመዱ መለወጥ አለበት። በክንዶቹ ላይ የኋላ ሰው የበየደው ቦታ ከታየ ግዢውን መተው ነው። የሚሸከመውን ክብደት የሚናገረው የፋብሪካ ሰሌዳም በቦታው ይኑር። ኤሌክትሪኩን አትርሱ፤ ከጋራዥ የወጣ ሞተር ባለ ሦስት ፌዝ ሊሆን ይችላል፥ የመኖሪያ ቤት መስመር ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ፌዝ ነው።

ጣራውም ይለካ። ማንሻው 1 ሜትር ከ80 ያህል ቢያነሣ፥ የመኪናው ቁመት ተጨምሮበት ከ3 ሜትር በላይ ይደርሳል።

በሥራ ጊዜ ክንዶቹ የሚያርፉት ፋብሪካው ለመኪናው በወሰነው ቦታ ነው። ጎማዎቹ ከመሬት ትንሽ እንደ ተነሡ ቆሞ መኪናውን መነቅነቅ፥ ካልተንቀሳቀሰ መቀጠል ነው። ከሥር ከመግባት በፊት መኪናውን ዝቅ አድርጎ በመቆለፊያው ላይ ማሳረፍ ግድ ነው፤ ዘይት በጎማ ቱቦ ውስጥ ያለ ነገር ስለ ሆነ ሰው ሕይወቱን ሊሰጠው አይገባም።

አሮጌው ቮልስዋገን የተለየ ጠባይ አለው። ሞተሩ ከኋላ ስለ ሆነ፥ ሊታደስ ወደ ታች ሲወርድ የኋላው ይቀልና መኪናው በአፍንጫው ሊደፋ ይችላል። ቶዮታ ግን ሞተሩ ከፊት ስለ ሆነ በተቃራኒው ነው። ስለዚህ ቡሎኑ ከመፈታቱ በፊት ሊደፋ በሚችለው ወገን ሥር ረጅም የብረት ድጋፍ ይቆማል።